የዛሬን ድርሻ ለዛሬ፦ ጭንቀትን ለእግዚአብሔር አስረክቦ ጊዜን በታማኝነት መጠቀም

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኔ ፈጠጠ። ሦስተኛ ሌሊቴ ነበር። ሐሙስ የሚቀርብ የሩብ ዓመት የሒሳብ ሪፖርት አለብኝ፤ አንዱ ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር አልታረቅ ብሏል። በጨለማ ተጋድሜ ሪፖርቱን ስጽፍና ስሰርዝ፣ አለቃዬ ፊት ቆሜ ስንተባተብ፣ ከሥራ ስባረር፣ ልጆቼን ይዤ ቤት ስለቅ አደርኩ። ጠዋት ፋይሉን ስከፍት ስህተቱ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ደረሰኝ ሆኖ ተገኘ። ማረሙ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሦስት ሌሊት ሙሉ የተጨነቅሁበትን ፋይል በሦስቱም ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈትኩትም ነበር።

ጭንቀት ሥራ ይመስላል። ያደክማል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፤ ስለዚህ የተጨነቀ ሰው ኃላፊነቱን የተወጣ ያህል ይሰማዋል። እኔም ያን ሳምንት የገባኝ ይህ ነው፤ ጭንቀትና የጊዜ ብክነት ሁለት የተለያዩ ችግሮች አይደሉም። የነገን ሸክም በዛሬ ጉልበት የሚሸከም ሰው ለዛሬው ሥራ የሚሆን ጉልበት አይተርፈውም። ከታች ያለው መንገድ ከዚያ ወዲህ የምሄድበት ነው፤ መሠረቱ ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው፤ አሠራሩ ግን የደብተርና የእስክሪብቶ ነው።

የሚያስፈልግዎት አንድ ደብተር፣ በየማታው ሃያ አምስት ደቂቃ፣ በየጠዋቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ለአሥራ አራት ቀን ይሞክሩት። ደብተሩ የወረቀት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ስልክ ላይ የሚጻፍ ዝርዝር ሌላ ሃምሳ መልእክት አስከትሎ ይመጣልና።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የተከለከለው የትኛው አሳብ ነው?

ብዙ አማኞች በጭንቀታቸው ላይ ሌላ ጭንቀት ይደርባሉ። «ጌታ አትጨነቁ ብሏል፤ እኔ ግን እጨነቃለሁ፤ እንግዲያው እምነት የለኝም» ይላሉ። ይህን ሸክም ከመጀመሪያው ያውርዱት። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «በአንዳች አትጨነቁ» ሲል የተጠቀመበት የግሪክኛ ግሥ፣ እዚያው መልእክት ምዕራፍ 2 ቁጥር 20 ላይ ጢሞቴዎስን ሲያመሰግን የተጠቀመበት ነው። ጢሞቴዎስ ስለ እነርሱ ኑሮ በቅንነት የሚጨነቅ ሰው ነበርና። በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥25 ብልቶች እርስ በርሳቸው እንዲተሳሰቡ የሚያዝዘውም ያው ግሥ ነው። እንግዲህ ማሰብና ማሳሰብ፣ ለሌላው መሳሳት፣ ለሥራ መጠንቀቅ አልተከለከለም። ጉንዳን በበጋ መብልዋን ስለምታዘጋጅ ተመስግናለች።

ጌታ በተራራው ስብከት የከለከለው ግልጽ ነው፤ «ነገ ለራሱ ይጨነቃልና ለነገ አትጨነቁ፤ ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል።» እዚህ ላይ «ክፋት» ማለት የቀኑ መከራ፣ የቀኑ ጣጣ ማለት ነው። ቃሉ ነገ ችግር የለውም አይልም። ዛሬም ነገም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ የሁለቱን በአንድ ቀን አትሸከሙ ነው የሚለው። ይህ ደግሞ ከትእዛዝነቱ ይልቅ ለእኔ የሚሰማኝ እንደ ርኅራኄ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሰነፍ ሰውን ብዙ ጊዜ ግድ የለሽ አድርገን እንስለዋለን። በመጽሐፈ ምሳሌ ያለው ሰነፍ ግን ፈሪ ነው፤ ከቤት የማይወጣው «አንበሳ በመንገድ አለ» እያለ ነው። መክሊቱን የቀበረውም አገልጋይ ለጌታው የሰጠው ምክንያት አንዲት ቃል ናት፤ «ፈራሁ»። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር፤ አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። ፍርሃት ጉድጓድ ውስጥ ያስገባው የሃያ ዓመት ገደማ የጉልበት ዋጋ መሆኑ ነው። ሥራ የሚያዘገዩ ከሆነ ራስዎን ሰነፍ ብለው ከመውቀስዎ በፊት «የፈራሁት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። እኔ ፋይሉን ያልከፈትኩት ውስጡ ያለውን ፈርቼ ነው።

አንደኛ፦ ቀኑን ከማታ ይጀምሩ

ዘፍጥረት ቀንን ሲቆጥር ማታን ያስቀድማል፤ «ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ፥ አንድ ቀን።» በዚህ አቆጣጠር የሰው ቀን የሚጀምረው በእንቅልፍ ነው፤ ስንነቃ እግዚአብሔር አስቀድሞ ሲሠራ ያደረበት ቀን ላይ እንደርሳለን። እኛም ከማታ እንጀምር።

ከመኝታ ሰዓትዎ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይቀመጡ፤ አልጋ ላይ ግን አይሁን። ደብተሩን ይግለጡና ልብዎን የያዘውን ሁሉ ለአሥር ደቂቃ ይጻፉ። አያስተካክሉ፣ ቅደም ተከተል አያውጡ። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፤ እያንዳንዱ ፍርሃት በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «ገንዘብ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። «በወሩ መጨረሻ ለቤት ኪራይ የሚጎድለኝ ይመስለኛል» ብሎ መጻፍ ይጠቅማል። ጭንቀት የሚያብጠው ስም ሲያጣ ነው። ዳር ድንበሩ ሲጻፍ አብዛኛው ከገመትነው ያንሳል፤ ጥቂቱ ደግሞ በእርግጥ ትልቅ ሆኖ ይገኛል፤ እሱንም ማወቅ ይሻላል።

ንጉሡ ሕዝቅያስ ከአሦር መልእክተኞች የዛቻ ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ ያደረገውን ያስታውሱ። ደብዳቤውን አነበበ፤ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣ፤ በእግዚአብሔርም ፊት ዘረጋው። አላጣጣለውም፣ እጥፍጥፍ አድርጎም ኪሱ አልከተተውም። የእርስዎም ገጽ ያ ደብዳቤ ነው። ጽፈው ሲጨርሱ ገጹን ጠረጴዛው ላይ ገልጠው ይተዉት።

ሁለተኛ፦ ድርሻን ከድርሻ ይለዩ

የዚህ መንገድ ልቡ እዚህ ነው፤ አይቸኩሉ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ከሦስቱ ፊደላት አንዱን ይጻፉ። «ሥ» ሥራ ነው፤ በእጄ ልነካው የምችለው። «ጸ» ጸሎት ነው፤ በእግዚአብሔር እጅ ብቻ ያለው። «ተ» ይተው ነው፤ የሌላ ሰው ኃላፊነት የሆነው ወይም ጊዜው ያልደረሰው።

መለያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ «ነገ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠኝ በዚህ ነገር ላይ አንዳች ተጨባጭ ነገር ማድረግ እችላለሁ?»

ከደብተሬ አንዱን ገጽ ላሳይዎት። ከሪፖርቱ በኋላ በነበረው ሳምንት የጻፍኩት ነው።

«የአባቴ ሕመም ይከፋና እንዳጣው እፈራለሁ።» በዚህ ጎን መጀመሪያ «ጸ» ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜው በእኔ እጅ አይደለም። ቆይቼ ግን ጥያቄውን ስጠይቅ ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ተከፈለ። መፈወሱ የእግዚአብሔር ነው፤ ረቡዕ ወደ ሐኪም ይዤው መሄድና ነገ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል አብሬው መቀመጥ የእኔ ነው። ስለ አባቴ እየተጨነቅሁ ለሦስት ሳምንት አባቴን አላየሁትም ነበር።

«ልጄ ፈተናውን ይወድቅ ይሆናል።» መፈተኑ የእርሱ ነው፤ ማታ ማታ አጠገቡ ቁጭ ማለቱ የእኔ ነው። አንድ «ተ»፣ አንድ «ሥ»።

«በስብሰባ ላይ የተናገርኩት ቃል ባልደረባዬን ሳያስቀይመው አልቀረም።» ይህ ግማሽ ሰዓትም አይፈልግም፤ ሄዶ መጠየቅ፣ አጥፍቼ ከሆነም ይቅርታ ማለት ነው። «ሥ»።

«እኅቴ ያን ሥራ መልቀቋ አይበጃትም።» ምክሬን አንድ ጊዜ ሰጥቻታለሁ። አዋቂ ናት። «ተ»፣ ከዚያ «ጸ»።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ሙያዬ የሚፈለግ አይመስለኝም።» ይህ ነገ እንኳ አይደለም፤ የነገ ነገ ነው። «ተ»።

እንደሚያዩት አብዛኛው ጭንቀት የተቀላቀለ ነው፤ የእኔና የእግዚአብሔር ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጠምደው አብረው ይቀመጣሉ። ሳይለዩ ከተዋቸው ሁለት ጥፋት ይከተላል፤ የእግዚአብሔርን ሥራ ልንሠራ እንታገላለን፣ የራሳችንን ደግሞ «ጌታ ያውቃል» ብለን እንተዋለን። ነህምያ ሁለቱንም ይዞ ነበር። ጠላቶች ሊያጠቁ ሲዶልቱ ወደ አምላካችን ጸለይን፣ ጠባቂም አቆምን ይላል። ጸሎቱ ጠባቂውን አላስቀረውም፤ ጠባቂውም ጸሎቱን አላስቀረውም። ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ።

ሦስተኛ፦ ያስረክቡ

አሁን ወደ «ጸ» እና ወደ «ተ» ይመለሱ። ጴጥሮስ «እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ይላል። «መጣል» የተባለው የግሪክኛ ግሥ በሉቃስ 19፥35 ደቀ መዛሙርት ልብሳቸውን በውርንጫው ላይ ሲጥሉ የተነገረው ነው። ልብሱ ከትከሻ ወርዶ በሌላ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ውርንጫው ይሄዳል፤ ልብሱም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ጥቅስ በፊት ያለውን ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን፦ «ራሳችሁን አዋርዱ» ይላል። ሸክምን መጣል የትሕትና ሥራ ነው። ሁሉን እኔ ካልያዝኩት ይወድቃል የሚለው አሳብ፣ ጭንቀት ቢመስልም ከበታቹ ትንሽ ዙፋን አለ።

እንዴት ይጸልዩ? ፊልጵስዩስ 4፥6 ቅደም ተከተል ሰጥቶናል። ነገሩን በስሙ ይጥሩት። ምን እንዲደረግልዎ እንደሚፈልጉ በግልጽ ይለምኑ፤ ጳውሎስ «ልመናችሁን አስታውቁ» ይላል እንጂ አሳምሩ አይልም። ከዚያ ከዚያው ጉዳይ ውስጥ አንድ የሚያመሰግኑበት ነገር ይፈልጉ። ስለ አባቴ ስጸልይ «እስከ ዛሬ ስላቆየህልኝ» ማለት ችያለሁ፤ ያን ካልኩ በኋላ ፍርሃቱ ባይጠፋም ብቻውን መቀመጡ ቀርቷል። በመጨረሻ ከዓረፍተ ነገሩ በታች መስመር ያስምሩና ቀኑን ይጻፉ። ያ መስመር የርክክብ ፊርማ ነው።

ጭንቀቱ ይመለሳል። ምናልባትም በዚያው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ። ሲመለስ እንደ አዲስ አይከራከሩት፣ «አልሠራልኝም» ብለውም ተስፋ አይቁረጡ። «ተጽፏል፤ ተሰጥቷል፤ ነገ ማታ በሰዓቱ እንገናኛለን» ይበሉት። ይህን የምመክረው ከልምድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የሥነ ልቦና ጥናት ተጨናቂ ሰዎች በቀን 30 ደቂቃ፣ በተወሰነ ሰዓትና ቦታ ብቻ እንዲጨነቁ፣ በሌላ ጊዜ የሚመጣውን ወደዚያ ሰዓት እንዲያስተላልፉ አድርጎ ጭንቀታቸው መቀነሱን አሳይቷል። ለአማኝ ግን ያ ሰዓት ባዶ ወንበር አይደለም፤ የሚሰማ አለ።

ጳውሎስ ቀጥሎ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁንና አሳባችሁን «ይጠብቃል» ይላል። ቃሉ የወታደር ጥበቃ ነው፤ በር ላይ የሚቆም ዘብ። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ እስረኛ ነበር፤ ዘብ ምን እንደሆነ በየቀኑ ያይ ነበር።

አራተኛ፦ የነገን መና ይለኩ

አሁን «ሥ» ያለባቸውን ብቻ ይመልከቱ። ምናልባት ዘጠኝ ይሆናሉ። ከእነርሱ ለነገ ሦስት ብቻ ይምረጡ።

እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲለቅሙ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር፣ የአንድ ቀን ልክ ነበር የታዘዘው። ለነገ ያስቀመጡት ተላ፣ ሸተተም። የሥራ ዝርዝርም ይተላል። ሃያ ነገር የተጻፈበት ገጽ ማታ ላይ አሥራ ሰባት ውድቀት ሆኖ ይታያል። «ለምን ሦስት?» ለሚሉኝ የማርታን ታሪክ አነሣለሁ፤ «በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ ትታወኪማለሽ፥ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ወይም አንድ ነገር ነው።» ማርታ ሥራ በመሥራቷ አልተወቀሰችም፤ በብዛቱ ተበታትና እንግዳው ማን እንደሆነ በመርሳቷ ነው።

ሲመርጡ «የሚጮኸው የቱ ነው?» አይበሉ። «የተሰጠኝ የቱ ነው?» ይበሉ። ጌታ በመጨረሻው ሌሊት «ላደርገው የሰጠኸኝን ሥራ ፈጽሜ» ሲል፣ በዚያች ሰዓት ያልተፈወሱ ብዙ ድውያን፣ ያልተሰበከላቸው ብዙ መንደሮች ነበሩ። የሚያስፈልገውን ሁሉ ሠራሁ አላለም፤ የተሰጠኝን ፈጸምሁ አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ፤ «አይሆንም» ማለት ሲከብደኝ አየዋለሁ።

እያንዳንዱን ሥራ ሲጽፉ የመጀመሪያዋን የእጅ እንቅስቃሴ ይጻፉ። «ሪፖርት» ሳይሆን «ፋይሉን ከፍቼ ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አያለሁ»። ጎኑ ላይ የሚፈጀውን ጊዜ ይገምቱ፤ በግምቱ ላይ ግማሹን ይጨምሩ። ሰው የራሱን ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሶ መገመቱ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቁጠር የተባለውም በከንቱ አይደለም።

ከዚያ አንድ ሰዓት ባዶ ይተዉ። ያዕቆብ ነጋዴዎቹን የሚወቅሰው ማቀዳቸውን ሳይሆን «ጌታ ቢፈቅድ» የሚል ክፍተት በዕቅዳቸው ውስጥ አለመኖሩን ነው። እኛ ይህን ቃል በየንግግራችን መጨረሻ እንለዋለን፤ በቀን ሰሌዳችን ላይ ግን ቦታ አንሰጠውም። ኢየሱስ የምትሞት ልጅ ወዳለችበት ወደ ኢያኢሮስ ቤት እየተጣደፈ ሳለ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረች ሴት ልብሱን ነካች። ቆመ፣ ጠየቀ፣ ታሪኳን ሁሉ እስክትነግረው ሰማት። ባዶዋ ሰዓት ለእንደዚህ ያለ ሰው ናት። ማንም ካልመጣ የዘገየው ሥራ ይገባባታል።

ይህ የማታ ጽሑፍ ለእንቅልፍም ይረዳል። በአሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 57 ወጣቶችን በሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ ወደፊት የሚሠሩትን፣ ግማሾቹ የሠሩትን እንዲጽፉ አደረገ። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝራቸው በተብራራ ቁጥርም እንቅልፉ ፈጠነ።

አምስተኛ፦ ይተኙ

ደብተሩን ዘግተው ከመኝታ ክፍል ውጪ ያስቀምጡት፤ ስልኩንም አጠገቡ። «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለውን የዳዊት ቃል ይበሉና መብራቱን ያጥፉ። እንቅልፍን ከሥራ የተሰረቀ ጊዜ አድርገው አይቁጠሩት። እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም፤ እርስዎ ግን ሰው ነዎት።

ስድስተኛ፦ ጠዋት ከስልኩ በፊት

ማርቆስ 1፥35 ኢየሱስ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልይ እንደነበር ይነግረናል። ቀጥሎ ያለው ለጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል። ስምዖን ተከታትሎ አገኘውና «ሁሉ ይፈልጉሃል» አለው። መልሱ «ወደ ሌላ ስፍራ እንሂድ» የሚል ነበር። የሕዝቡን ጥሪ ከመስማቱ በፊት የአባቱን ስለሰማ የሁሉን ፍላጎት ሳያሟላ መሄድ ቻለ።

ስልክ ማለት «ሁሉ ይፈልጉሃል» የሚል ስምዖን ነው፤ ከመኝታ ሳንነሣ ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ያለ ስልክ ይሁኑ። አጭር ምንባብ ያንብቡ፤ የማታውን ገጽ ይግለጡ፤ ሦስቱን ሥራዎች አንድ በአንድ እያነበቡ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ከአንተ እቀበላለሁ» ይበሉ። ሲጸልዩ ከሦስቱ አንዱ እንደማይገባ ከተሰማዎ ይቀይሩት። ከዚያ ይበልጥ የሚፈሩትን መጀመሪያ ይሥሩ፤ ሌላውን ቀን ሙሉ ከኋላ ሆኖ የሚጎትተው እሱ ነው።

ሰባተኛ፦ የቀትሩ ድካም

በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ ይኖር የነበረው መነኩሴ ኢቫግሪዮስ ስለ ቀትር ፈተና ጽፏል። መነኩሴው ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል፤ በመስኮት ያያል፤ ዘጠኝ ሰዓት ስንት እንደቀረው ይለካል፤ የሚጎበኘው ወንድም እንዳለ ወዲያ ወዲህ ይመለከታል። መስኮቱን በስልክ ይተኩት፤ የዛሬ ቢሮ ይሆናል። ሥራውም አይሄድ፣ ዕረፍትም አይሆን፣ ዝም ብሎ መቃበዝ።

መፍትሔው ከዚያው በረሃ መጥቷል። ስለ ታላቁ አባ እንጦንስ እንዲህ ይተረካል፦ በዚህ መሰልቸት ተይዞ አሳቡ ሲበታተንበት ወደ ጌታ ጮኸ፤ ወጣ ሲል እንደ እርሱ ያለ ሰው ተቀምጦ ሲሠራ አየ። ሰውየው ገመዱን ይጎነጉናል፤ ይነሣና ይጸልያል፤ ይመለስና ይጎነጉናል፤ ደግሞ ይነሣል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፤ ትድናለህ» አለው። እኔ የማደርገው ከዚህ የተቀዳ ነው፤ ሃምሳ ደቂቃ አንድ ሥራ ብቻ፣ ከዚያ ከወንበር ተነሥቶ አንዲት አጭር ጸሎት፣ ጥቂት እርምጃ፣ ከዚያ መመለስ። መነሣቱ ዋና ነገር ነው፤ እዚያው ተቀምጠው ስልክ ካዩ አላረፉም። ሐዋርያትም ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት በሰገነት ላይ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት በመቅደስ ይጸልዩ ነበር። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ መጽሐፉ ዘጠኝ ሰዓት ሲል በእኛም ሰዓት ዘጠኝ ነው፤ ስልክዎ ላይ ማስታወሻ መሙላት ብቻ ይበቃል።

ስምንተኛ፦ ያካፍሉ፣ ያርፉም

ለሁለት ሳምንት ያንኑ ሥራ ከገጽ ወደ ገጽ እየገለበጡ ከሆነ ሥራው የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር ያደረግኸው መልካም አይደለም፤ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ አለው። ለማን ልስጠው ብለው ይጠይቁ፤ ስሙን ጎኑ ላይ ይጻፉ።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ደብተሩ አይከፈትም። ቅዳሜም ይሁን እሑድ እንደ ቤተ ክርስቲያንዎ ሥርዓት ይሁን። ዘዳግም 5 የዚህን ዕረፍት ምክንያት ሲናገር በግብፅ ባሪያ ነበርህ ይላል፤ ባሪያ ዕረፍት የለውም፤ ነጻ የወጣ ግን ማረፍ ይችላል። መናው በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንደተለቀመ ሁሉ ዕረፍትም ዝግጅት ይፈልጋል፤ በዋዜማው መላክ ያለበትን ይላኩ፣ መታጠብ ያለበትን ይጠቡ። ያልተዘጋጀ የዕረፍት ቀን በተረሳ ሥራ ይሞላል።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር

ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተጋድሞ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነው አለው። አንዳንዱ ጭንቀት የአካልም ሕመም ነው። ጭንቀቱ ለወራት አብዛኛውን ቀን ካልተለየዎት፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳዎት፣ ልብ የሚያፈርስ ድንገተኛ ድንጋጤ ከመጣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። ራስን የመጉዳት አሳብ ከመጣ ግን ማታን አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ለቅርብ ሰው ይንገሩ፣ ወደ ሕክምና ይሂዱ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት አይደለም።

ቀን ሲያመልጥና አሥራ አራቱ ቀን ሲሞላ

አንዳንድ ማታ ያመልጥዎታል። ያመለጠውን ገጽ ለመሙላት አይሞክሩ፤ የትናንት መና አይለቀምም። በዚያው ማታ አዲስ ገጽ ገልጠው ይቀጥሉ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሱ። የፈሩትን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ያንብቡና ጎኑ ላይ የሆነውን ይጻፉ፤ ደረሰ፣ አልደረሰም፣ ገና ነው። ለደረሰው ደግሞ በዚያ ጊዜ ማን እንደደገፈዎት፣ ምን እንዳገኙ አንድ መስመር ይጨምሩ። «ገና ነው» ያሉትን ወደ አዲስ ገጽ ያሻግሩ።

እኔ ያን ቀደም ሲል ያሳየሁዎትን ገጽ ያነበብኩት ከአራት ወር በኋላ ነው። ልጄ ፈተናውን አልፏል። ባልደረባዬ ነገሩን አስታውሶትም አያውቅም። እኅቴ አዲሱ ሥራ ተስማምቷታል። አባቴ አርፏል። በእርሱ ስም ጎን ካለችው «ሥ» ቀጥሎ «ነገ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል አብሬው ልቀመጥ» የሚል አለ፤ ከበታቹ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከመስመሩ ቀጥሎ በሌላ ቀለም «ሦስት ሰዓት ተቀመጥን፤ ስለ ልጅነቱ አጫወተኝ» ተብሎ ተጽፏል።